«ስሕተት» እና «ጥፋት»፦ በሕክምና ተማሪዎች የመምራትና የታካሚ ደኅንነት ትምህርት ስለሚያስፈልጉ ስያሜዎች

1. የጉዳዩ መነሻ

አንድ የሙያ ስያሜ ተስማሚ መሆኑ የሚታወቀው ጽንሰ ሐሳቡን አሳጥሮ በመግለጹ ብቻ አይደለም። ስያሜውን የሰማው ሰው ከሰማ በኋላ የሚያደርገው ነገርም አንዱ መመዘኛ ነው። በጤና ሙያ ይህ መመዘኛ ከሌሎች ሙያዎች ይልቅ ይከብዳል፤ ባልተስማማ ቃል የተዘጋጀ ቅጽ ባዶውን ሊመለስ፣ ሊነገር የሚገባውም ነገር ሳይነገር ሊቀር ይችላልና።

ባለፉት ጥቂት ዐሠርት ዓመታት የሕክምና ትምህርት ቤቶች ስለ በሽታና ስለ መድኃኒት ከሚሰጡት ትምህርት ጋር ሁለት ነገሮችን አጣምረው ማስተማር ጀምረዋል። አንደኛው የሥራ ቡድንን የመምራት ችሎታ ነው። ሁለተኛው ታካሚውን ከበሽታው ሳይሆን ከሕክምናው ከራሱ ሊደርስበት ከሚችል ጉዳት መጠበቅ ነው። በአገራችን የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለሆነ ተማሪው ጽንሰ ሐሳቦቹን በእንግሊዝኛ ይቀበላል። ሥራው ግን የሚከናወነው በሌላ ቋንቋ ነው። ከታካሚው፣ ከአስታማሚው፣ ከመዝገብ ሠራተኛውና ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር የሚነጋገረው እንደ ቦታው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሌላ የአገር ቋንቋ ነው። የተርጓሚውና የስያሜ አዘጋጁ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

2. ትምህርቱና ቦታው

በአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ዘገባ በዚያች አገር ሆስፒታሎች ውስጥ በሕክምና ስሕተት ምክንያት በየዓመቱ ከ44,000 እስከ 98,000 ሰዎች እንደሚሞቱ ገመተ። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ የዓለም አቀፍ ትምህርት ርእስ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ለሕክምና ትምህርት ቤቶች፣ በ2011 ደግሞ ለልዩ ልዩ የጤና ሙያዎች በጋራ የሚያገለግል የታካሚ ደኅንነት የሥርዓተ ትምህርት መምሪያ አሳተመ። የ2011ዱ መምሪያ በ11 ርእሶች የተከፈለ ነው፤ ከእነዚህም መካከል የቡድን ጥሩ አባል መሆን፣ ከስሕተት መማር፣ ታካሚውንና አስታማሚውን ማሳተፍ፣ እንዲሁም የመድኃኒት አሰጣጥ ደኅንነት ይገኙበታል።

በኢትዮጵያ የጤና ባለሙያን በቡድን የማሠልጠን ልማድ ከዚህ መምሪያ በፊት የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን እንደ አንድ የሥራ ቡድን አድርጎ ያሠለጥን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መሠረቱ አደረገ። ኢንስቲትዩቱ እ.ኤ.አ. በ1999 ከጅማ የግብርና ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲሆንም ይህ መሠረት ተጠብቋል። የትምህርቱ አንድ ክፍል የቡድን ሥልጠና መርሐ ግብር ይባላል። በዚህ መርሐ ግብር የሕክምና፣ የነርስነት፣ የመድኃኒት ቅመማ፣ የላቦራቶሪና የአካባቢ ጤና ተማሪዎች በአንድነት ተመድበው በጅማ ዙሪያ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ይሠራሉ።

ከሥልጠናው ቦታዎች አንዷ አሰንዳቦ ናት። አሰንዳቦ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በግልገል ግቤ ወንዝ አካባቢ የምትገኝ ከተማ ናት፤ አካባቢው የወባ በሽታ የሚታይበት በመሆኑ ብዙ ጥናቶች ተደርገውበታል። ለስያሜ ጥናት ይህች ከተማ ሁለት ነገሮችን ታሳያለች። አንደኛ፣ ገና ያልተመረቁ የአምስት ሙያ ተማሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ማን ይመራል፣ ማንስ ማንን ያርማል የሚለውን ጥያቄ በተግባር የሚጋፈጡት እንዲህ ባለው ቦታ ነው። ሁለተኛ፣ ጽንሰ ሐሳቡ በእንግሊዝኛ፣ የቡድኑ ውይይት በአብዛኛው በአማርኛ፣ ታካሚውን ማነጋገሪያው ደግሞ በኦሮምኛ ስለሚሆን አንድ ሐሳብ በአንድ ቀን ውስጥ ሦስት ቋንቋ ያቋርጣል።

3. «አመራር» እና «መምራት»

«አመራር» የሚለው ስም «መራ» ከሚለው ግስ የተገኘ ነው። የግስ መሠረቱ ግእዝ «መርሐ» ነው፤ «መሪ»፣ «መርሕ»፣ «መመሪያ» እና «መሪጌታ» ከዚሁ ይወጣሉ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. በታተመው መዝገበ ቃላታቸው እንዳደረጉት ቃላትን በግሳቸው ሥር ሰብስቦ ማየት ዝምድናቸውን ያጎላዋል።

የ«አመራር» ቅርጽ «ሠራ» ብሎ «አሠራር»፣ «በላ» ብሎ «አበላል» እንደሚለው ነው። ይህ ቅርጽ ድርጊቱ የሚፈጸምበትን ስልት ወይም ሁኔታ ያመለክታል። ስለዚህ «አመራር» በቅርጹ «የመምራት ስልት» ማለት ነው እንጂ ሥልጣን ማለት አይደለም። አጠቃቀሙ ግን ከቅርጹ ርቋል። ዛሬ «አመራሩ ተሰበሰበ»፣ «ከፍተኛ አመራር» ስንል ሰዎችን፣ ያውም በሹመት ላይ ያሉትን ማለታችን ነው። «የአመራር ትምህርት» ተብሎ የተነገረው ተማሪም ነገ ሆስፒታል ወይም ጤና ቢሮ ለሚመሩ ሰዎች የተዘጋጀ ትምህርት ይመስለዋል።

መምሪያዎቹ የሚያስተምሩት ሌላ ነገር ነው። በሌሊት ተረኛ ሆና ድንገተኛ ወላድ የመጣችባት ነርስ ሹመት የላትም፤ ቢሆንም ማን የደም ሥር እንደሚከፍት፣ ማን መኪና እንደሚጠራ፣ ማን አስታማሚዎቹን እንደሚያነጋግር ስትደለድል ትመራለች። ሐኪሙ ሲደርስም መምራቱን ታስረክበዋለች። ስለዚህ ችሎታውን ለማመልከት «የመምራት ክህሎት» እንዲባል፣ «አመራር» ግን ለተቋም አስተዳደር እንዲቀር እናሳስባለን። ሁለቱ ቃላት ከአንድ ግስ ቢወጡም የተማሪውን ሐሳብ የሚወስዱት ወደተለያየ አቅጣጫ ነው።

4. «ታካሚ» እና «ደኅንነት»

በሕክምና ተቋም የሚገለገለውን ሰው ለመጥራት አማርኛ «በሽተኛ»፣ «ሕመምተኛ»፣ «ሕሙም» እና «ታካሚ» የሚሉ ቃላት አሉት። የመጀመሪያው ሰውን በበሽታው ይሰይመዋል። ሁለተኛውና ሦስተኛው መታመምን ግድ ይላሉ። ለመውለድ ወደ ጤና ጣቢያ የመጣች እናት ግን አልታመመችም፤ ሆኖም ከሕክምና ስሕተት ልትጠበቅ ይገባታል። «ታካሚ» ሕክምናውን መቀበሉን ብቻ ስለሚያመለክት እርሷንም ያቅፋል፤ ስለዚህም እርሱን እንመርጣለን።

«ደኅንነት» የሚለው ቃል ከ«ደኅና» ጋር በአንድ ሥር ይገናኛል፤ በግእዝ «ድኅነት» መዳን ነው። የቃሉ ችግር ብዙ ሥራ መያዙ ነው። በዕለታዊ ንግግር «ደኅንነትህ እንዴት ነው?» ሲባል ጤንነት ነው፤ በመንግሥት ሥራ የጸጥታ ጉዳይ ነው። ኦሮምኛም በዚህ ረገድ ይመሳሰላል፤ ሰላም ማለት ከሆነው «ነጋ» የተገኘው «ነጌኛ» ለጸጥታም ለደኅንነትም ያገለግላል። ቢሆንም «የመንገድ ደኅንነት» እና «የሙያ ደኅንነትና ጤንነት» የሚሉት ስያሜዎች ቃሉን ከጉዳት መጠበቅ ለሚለው ፍቺ አለማምደውታል። በኋለኛው ስያሜ «ደኅንነት» እና «ጤንነት» ጎን ለጎን መቆማቸው ሁለቱ አንድ አለመሆናቸውንም ያስረዳል። ስለዚህ «የታካሚ ደኅንነት» የሚለው ተስማሚ ነው፤ ነገር ግን በማንኛውም ጽሑፍ መጀመሪያ ሲገባ «ሕክምናው ራሱ ከሚያደርሰው ጉዳት መጠበቅ» የሚል ፍቺ ሊከተለው ይገባል።

5. «ስሕተት»፣ «ግድፈት»፣ «ጥሰት»፣ «ጥፋት»

የጽሑፋችን ዋና ነጥብ ይህ ነው። በግእዝ «ስሕተ» መሳት፣ ከመንገድ መውጣት ነው፤ «ስሕተት» ከዚህ የመጣ ነው። «ጥፋት» ደግሞ ከ«ጠፋ» ይወጣል፤ «አጠፋ» ማለት አወደመ፣ እሳትን ከሰመ አደረገ፣ እንዲሁም በደለ ማለት ነው። የሚገርመው ኦሮምኛም ይህንኑ ክፍፍል ያውቃል፦ «ዶጎጎራ» ስሕተት ሲሆን፣ ማጥፋትን ከሚገልጸው ግስ የተገኘው «ባሌሳ» ግን በደልንና ጥፋትን ያመለክታል።

ሕጋችን «ጥፋት» ለሚለው ቃል የራሱን ቦታ ሰጥቶታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት ሲደነግግ «ጥፋት» የካሣ መሠረት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ከአንቀጽ 57 እስከ 59 አስቦ ማድረግንና ቸልተኝነትን ለይቶ ይተረጉማል። ስለዚህ አንድ ቅጽ «የጥፋት ማስታወቂያ» ተብሎ ከተሰየመ የሚሞላው ሰው ራሱን ለፍርድ የሚያቀርብ ይመስለዋል። ቅጹ የተዘጋጀው ለመማሪያ ቢሆንም ስያሜው የዳኝነት ነው። የሚከተለውም ዝምታ ነው፤ ዝምታው ደግሞ ያንኑ ስሕተት ለሚቀጥለው ታካሚ ያቆየዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው ምሳሌ ለተቋምም ይሠራል።

ሕዝቡ ራሱ ልዩነቱን ያውቃል። ከሰው ስሕተት ከብረት ዝገት አይጠፋም ሲል «ስሕተት» አለ እንጂ «ጥፋት» አላለም። ዝገት ብረቱ የሚወቀስበት አይደለም፤ ነገር ግን ካልተጠረገ ይበላዋል።

እንግሊዛዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ጄምስ ሪዝን እ.ኤ.አ. በ1990 ስለ ሰው ስሕተት ባሳተመው መጽሐፍ አሳቡ ትክክል ሆኖ አፈጻጸሙ የሳተውን፣ አሳቡ ራሱ የሳተውንና ደንብ ታውቆ የታለፈበትን ለያይቷል። ለእነዚህ ከአማርኛ ውስጥ ቃል ማግኘት አያስቸግርም። ለመጀመሪያው «ግድፈት» አለ። ቃሉ ጾም መግደፍን ከማመልከቱ ሌላ ጸሐፊ ፊደል ወይም ቃል ሲዘል የሚባልበት ነው፤ ጸሐፊው ቃሉን እያወቀው ብዕሩ ዘለለው እንጂ አልዋሸም። ለሁለተኛው «የውሳኔ ስሕተት»፣ ለሦስተኛው «ጥሰት» እንበል። «ስሕተት» የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የሚያቅፍ ጠቅላላ ስም ይሁን። «ጥፋት» እና «ቸልተኝነት» ግን ለሕግ ይተዉ። ይህን ስንል ጥፋት የፈጸመ አይጠየቅ ማለታችን አይደለም፤ መጠየቂያው ቦታና መማሪያው ቦታ በአንድ ቃል አይጠሩ ማለታችን ነው።

6. አንድ ምሳሌ

ስያሜዎቹን በሥራ ላይ ለማየት እንደ አሰንዳቦ ባለ የወባ አካባቢ ሊያጋጥም የሚችል ጉዳይ ለማስረጃነት እናቅርብ። በኢትዮጵያ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለፋልሲፓረም ወባ የሚሰጠው የአርቴሜተርና የሉሜፋንትሪን ጥምር መድኃኒት በክብደት ይለካል። ከ5 ኪሎ ጀምሮ 15 ኪሎ ላልሞላ 1 ክኒን፣ ከ15 ጀምሮ 25 ላልሞላ 2፣ ከ25 ጀምሮ 35 ላልሞላ 3፣ ከ35 ኪሎ ጀምሮ 4 ክኒን በአንድ ጊዜ ይሰጣል፤ ይኸውም በቀን 2 ጊዜ ለ3 ቀን ነው።

የሦስት ዓመት ሕፃን ተመዘነ፤ 14 ኪሎ ሆነ። ክብደቱ በቃል ተነግሮ ሲጻፍ አሃዞቹ ተገላብጠው 41 ሆኑ። መድኃኒት ያዘዘው ተማሪ ሰንጠረዡን ተከትሎ 4 ክኒን ጻፈ። የመድኃኒት ቅመማ ተማሪዋ ወረቀቱን ስትቀበል ሕፃኑን በእናቱ ጀርባ አየችና ጠየቀች፤ መጠኑም ታረመ።

እዚህ ላይ አሃዝ መገላበጡ ግድፈት ነው። ያዘዘው ተማሪ የሰንጠረዡን ደንብ አልጣሰም፤ በተሳሳተ ቁጥር ላይ ትክክለኛውን ደንብ ሠራበት። ሕፃኑ አልተጎዳም፤ ስለዚህ ጉዳዩ «ሳይደርስ የቀረ ጉዳት» ነው። በንግግር «ለጥቂት ተረፈ» የምንለው ነው፤ በጽሑፍ ግን የመትረፉን ዕድል ሳይሆን የጉዳቱን አለመድረስ የሚያሳየው ስያሜ ይሻላል። ሕፃኑ ተጎድቶ ቢሆን ኖሮ «ሕክምና ወለድ ጉዳት» ይባል ነበር፤ ቅርጹ «ውኃ ወለድ በሽታ» እንደሚባለው ስለሆነ ለጆሮ እንግዳ አይደለም።

ሳይደርስ የቀረውን ጉዳት መመዝገብ የሚጠቅመው መፍትሔውን ስለሚያሳይ ነው። በወረቀቱ ላይ ከክብደቱ ጎን ዕድሜ ቢጻፍ፣ ለሦስት ዓመት ሕፃን 41 ኪሎ መጻፉ ለማንም ይታይ ነበር። «ማን አጠፋ?» ብሎ የጠየቀ ቡድን አንድ ስም ያገኛል፤ «እንዴት ተሳሳተ?» ብሎ የጠየቀ ግን የቅጽ ማሻሻያ ያገኛል። የቡድን መሪው ክህሎት የሚለካውም ከሁለቱ የትኛውን ጥያቄ በመጠየቁ ነው።

7. «ማሳሰብ» እና የአክብሮት አነጋገር

ከላይ ያለችው ተማሪ ያደረገችውን ነገር እንግሊዝኛው ድምፅን ከፍ አድርጎ እንደ መናገር ባለ ዘይቤ ይገልጸዋል። ቃል በቃል ቢተረጎም በአማርኛ ጩኸትን ወይም ድፍረትን ያሰማል። አማርኛ ለዚህ የራሱ ቃል አለው፤ እርሱም «ማሳሰብ» ነው። «አሳሰበ» ሌላው ሰው እንዲያስብ አደረገ ማለት ስለሆነ ውሳኔውን ለሚያስበው ይተውለታል፤ የተናጋሪውንም ግዴታ አያስቀርም።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2006 የቀረበው ቲምስቴፕስ የተባለው የቡድን ሥልጠና፣ ተማሪው በየደረጃው «አሳስቦኛል»፣ «አልተመቸኝም»፣ «ይህ የደኅንነት ጉዳይ ነው» እንዲል ያስተምራል። የመጀመሪያው በአማርኛ ይሠራል። ሁለተኛው ግን «አልተመቸኝም» ተብሎ ሲተረጎም የተናጋሪውን ምቾት ማጣት ወይም ቅሬታ ብቻ ስለሚያሰማ አድማጩን ወደ ታካሚው አይመልሰውም። ሦስተኛውም ከላይ በገለጽነው የ«ደኅንነት» ብዙ ፍቺ ምክንያት ሊያደናግር ይችላል።

በአማርኛ ሰውን ያለ ተውላጠ ስም ደረጃ ማነጋገር አይቻልም። ተማሪ መምህሩን «ተሳስተዋል» ሲል በ«እርስዎ» ቢያከብረውም ቃሉ ይሻክራል። ስለዚህ ሦስቱን ደረጃዎች ከቋንቋው ባሕርይ ተነሥተን «መጠየቅ»፣ «ማሳሰብ» እና «ማስቆም» ብለን እናቀርባለን። መጠየቁ «የልጁ ክብደት ስንት እንደሆነ ይነግሩኛል?» ሊሆን ይችላል። ማሳሰቡ «ለ14 ኪሎ የተወሰነው 1 ክኒን ነው፤ ይመልከቱልን» ይላል። ማስቆሙ «ሳይረጋገጥ አይሰጥ» ነው። የኋለኛው አነጋገር በተለይ ሊስተዋል ይገባል፤ ግሱ ተገብሮ ስለሆነ «አንተ»ም «እርስዎ»ም አይልም። ክልከላው መድኃኒቱን እንጂ መምህሩን አይነካም፤ ሆኖም ከሦስቱ ይልቅ ጽኑ ነው።

«ማረም» የሚለው ግስም እዚህ ያገለግላል። አንድ ቃል ሰብልን ከአረም ማጽዳትንና ጽሑፍን ማቅናትን ያመለክታል። እርሻው አረም ማብቀሉ ገበሬውን አያስወቅሰውም፤ አለማረሙ ግን ያስወቅሰዋል። «እርማት» የሚለው ስም ከስሕተት በኋላ ለሚደረገው ማሻሻያ ሁሉ ሊያገለግል ይችላል።

8. «ርክክብ» እና «የማረጋገጫ ዝርዝር»

ተረኛ ለተረኛ ታካሚውን ሲያስተላልፍ «ርክክብ» ይባላል። ቃሉ በንብረት አስተዳደር የለመድነው ነው፤ የማይነበብ ወረቀት ፈርሞ የሚረከብ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ የለም። «ተረካከበ» ሁለት ሰው የሚፈልግ ግስ በመሆኑ ተቀባዩም ያዳመጠውን መልሶ እንዲናገር ያስገድዳል። ስለዚህ «መረጃ ማስተላለፍ» ከሚለው ይልቅ «የታካሚ ርክክብ» የሚለው ይበልጥ ይስማማል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ዝርዝር 19 ነጥቦች አሉት። ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት፣ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት፣ ታካሚው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት በድምፅ ይነበባል። ከነጥቦቹ አንዱ የቡድኑ አባላት ሁሉ ስማቸውንና የሥራ ድርሻቸውን እንዲናገሩ ያዛል፤ ስሙን የተናገረ ሰው በኋላ ለማሳሰብ ይቀለዋልና። በሆስፒታሎች «ቼክሊስት» የሚለው የውጭ ቃል ተለምዷል። «የማረጋገጫ ዝርዝር» የሚለው ግን ዝርዝሩ ምልክት ለማድረግ ሳይሆን ለማረጋገጥ መሆኑን ስለሚናገር ይበልጣል።

9. የቀረቡት ስያሜዎች

ለውይይት የምናቀርባቸው እነዚህ ናቸው።

የመምራት ክህሎት፦ ሹመት ቢኖርም ባይኖርም የቡድንን ሥራ የማስተባበርና የማስረከብ ችሎታ።
የታካሚ ደኅንነት፦ ታካሚን ሕክምናው ራሱ ከሚያደርሰው ጉዳት መጠበቅ።
ስሕተት፦ ሳይታሰብ የታለመለትን የሳተ ድርጊት ወይም ውሳኔ።
ግድፈት፦ አሳቡ ትክክል ሆኖ በአፈጻጸም ላይ የተፈጠረ ስሕተት ወይም መዝለል።
የውሳኔ ስሕተት፦ የሥራው አሳብ ወይም ዕቅድ ራሱ የሳተበት።
ጥሰት፦ የታወቀ የሥራ ደንብን ዐውቆ ማለፍ።
ሳይደርስ የቀረ ጉዳት፦ ስሕተት ተፈጥሮ ታካሚው ሳይጎዳ የቀረበት ሁኔታ።
ሕክምና ወለድ ጉዳት፦ ከበሽታው ሳይሆን ከሕክምናው የመጣ ጉዳት።
ማሳሰብ፦ የቡድን አባል የታየውን አደጋ ለበላዩም ቢሆን የመናገር ግዴታና ተግባር።
የታካሚ ርክክብ፦ የሕክምና ኃላፊነትን ከነመረጃው በሁለት ወገን ማረጋገጫ ማስተላለፍ።
የማረጋገጫ ዝርዝር፦ በሥራ መካከል ተነብቦ የሚረጋገጥ የነጥቦች ቅደም ተከተል።

ከእነዚህ መካከል «ሳይደርስ የቀረ ጉዳት» ርዝመቱ ለቅጽ አያመችም ሊባል ይችላል፤ ከርዝመቱ ይልቅ ግልጽነቱን መርጠናል። ወደ ኦሮምኛ የሚተረጉሙ ባለሙያዎችም «ዶጎጎራ» እና «ባሌሳ» የተባሉትን እንዲሁ ለይተው እንዲጠቀሙ እናሳስባለን፤ በአማርኛ የተለየው በኦሮምኛ ቢደባለቅ የአሰንዳቦው ቡድን በስብሰባው ያገኘውን ጥቅም ከታካሚው ፊት ሲደርስ ያጣዋል። ስያሜዎቹ መጽደቅ ያለባቸው በጽሕፈት ቤት ብቻ አይደለም። በቡድን ሥልጠና ላይ ባሉ ተማሪዎች ቅጽ ውስጥ ገብተው፣ በየትኛው ስያሜ ሥር ብዙ ስሕተት እንደተነገረ ከታየ በኋላ ቢወሰን ውሳኔው የተሻለ ይሆናል።